ለግርማ፣ በዳማ ታንክ ውስጥ ስላገኘሁት ውሃ

ግርምሽ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። መልስ ሲቀርብኝ ይከፋኛል፤ እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ የከፋኝ ቀን ለሰው አልመችም። ይልቅ የእኛን ልንገርህ። ዛሬ እሑድ ነው። እናትህ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል። እኔ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ ቁጭ ብያለሁ። ወረቀቱ ቢሸትህ አትገረም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የግቢውን በር አረንጓዴ ቀባሁት። ሰማያዊ ትል እንደነበር አልረሳሁም፣ ሰማያዊ ልገዛ ነበር የወጣሁት፣ ግን ባለሱቁ ምላሱ ጣፋጭ ሆነና አሸነፈኝ። የኩሽናው ጣራ ማፍሰሱን ትቷል። የመካኒሳ መንገድ ያው ነው፣ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። እኔም እዚያው ክር ፋብሪካ ነኝ፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት እገባለሁ። ጥቁሬን በሙት ዓመትህ ማግስት እናትህ ናቸው በገዛ እጃቸው ያወለቁልኝ፤ ይበቃሻል ልጄ፣ ገና ሰው ነሽ አሉኝ። የራሳቸውን ግን እስከ ዛሬ አላወለቁም። ጉልበታቸው ብሶባቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ እኔ ከሥራ ስመለስ ግን በር ላይ ቆመው መጠበቅ አልተዉም። ልጅ ሳንወልድ የቀረን ሰዎች ነንና በዚህ ግቢ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እና ዳማ።

አሁን ወደ ዳማ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእሷ ጉዳይ ነው።

አንተ ከአልጋ ከዋልክ ጀምሮ ያቺ ባለ ሁለት በር ቀይ አሜሪካዊት መኪናህ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ያ ሾፌሩ የነበርክለት ፈረንጅ አገር ለቆ ሲሄድ ለአንተ ከተዋት ወዲህ እንዲያ ረጅም ጊዜ ቆማ አታውቅም። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ቀለም ነው ብለህ ስም አወጣህላት፤ እኔ ደግሞ ጣውንት አመጣህብኝ ብዬ አኮረፍኩህ። ትዝ ይልሃል? ስምንቱ ሲሊንደር አንድ ላይ ሲነሳ የጎረቤት ዶሮ ይበተን ነበር፣ እትዬ ብርቄም ከአጥር ወዲያ ሆና ኧረ ግርማ፣ ሕፃኗን ቀሰቀስክብኝ እያለች ትጮህ ነበር። የዚህ ሰፈር ሙሽራ ሁሉ በእሷ ነው የሄደው።

የሙት ዓመትህ ድንኳን በፈረሰ በሳምንቱ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ተፈራ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ይዘው መጡ። ሰውየው ሸራውን ገልጦ ዳማን ዞራት፣ ጎማዋን በጫማው ጠለዘ። ከዚያ ጋሼ ተፈራ አረፍ አሉና፣ ዘውዴ፣ የቆመ መኪና ይበሰብሳል፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ለሚያውቅ ሰው እንስጠው አሉኝ። ክፋት እንደሌለባቸው አውቃለሁ። ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው። ሊብሬዋም በሕመምህ ጊዜ ዓመታዊ ምርመራዋን እንዲያስጨርሱ ብለህ ከሰጠሃቸው ጀምሮ በእጃቸው ነው፤ ያለ እሳቸው የሚሆን ነገር የለም።

እኔ ግን እንቢ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ መኪና ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ትዳራችን ግማሹን እሑድ ኮፈኗ ሥር አጎንብሰን ነው ያሳለፍነው። አንተ ፒንሳውን ስትጠይቀኝ እኔ ካቻቢቴውን እያቀበልኩህ፣ መብራቱን ለእኔ ነው ወይስ ለሰማዩ የምታበሪው እያልክ እየተቆጣኸኝ። ፎቶህ ከግድግዳ ላይ ያየኛል እንጂ አያናግረኝም። ዳማ ስትነሳ ግን በጎኔ የተቀመጥክ ይመስለኛል። እሷን ሸጬ ምን ልሰማ ነው?

ይህን ለጋሼ ተፈራ ብነግራቸው ያለቅሳሉ እንጂ አይሰሙኝም። ስለዚህ የሚሰሙትን ነገርኳቸው። ሰናይትን አነሳሁባቸው። የእትዬ ብርቄን ልጅ፣ የእኔን የክርስትና ልጅ፣ በሰማንያ ቀኗ በዳማ ወስደህ ያስጠመቅናትን። ያን ቀን ከቤተክርስቲያን ደጅ ቆመህ፣ ይቺን ልጅ ለሠርጓም የምትወስዳት ዳማ ናት ብለህ ለብርቄ ቃል ገባህ። ሰናይት ጥር ላይ ልታገባ ነበር። ቃል የእምነት ዕዳ ነው አይደል የሚባለው? አንተ ሞትክ እንጂ ቃልህ አልሞተም አልኩ። ሁለት ሽማግሌ ተጠርተው ነገሩ እንዲህ ተቋጨ፦ ዳማ ሙሽራዋን ከቤቷ ብስራተ ገብርኤል ወስዳ፣ መንገድ ላይ ሳትቆም ከመለሰቻት የእኔ ትሆናለች፤ ከቆመች ግን በማግስቱ ቦርጫሙ ሰውዬ ይወስዳታል። ጋሼ ተፈራ ፈገግ አሉ። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆንሽ አሉኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፣ ግርምሽ። ያቺን ፈገግታ ነው እስከ ጥር ስንቅ አድርጌ የያዝኳት።

መስከረም ላይ ሸራውን ገፍፌ ጀመርኩ። የአንተን ትምህርት ከሀ እስከ ፐ አስታወስኩት። ሞተር ሲጠፋ አትጩሂበት፣ ምን እንዳጣ ጠይቂው ትለኝ ነበር፤ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፣ እሳት፣ አየር፣ ቤንዚን። ካንዴላውን ነቅዬ አየሁ፣ እሳት አለ። አየር ማንም አልከለከላትም። የካርቡራተሩን አፍ ከፍቼ የጋዙን ሽቦ ስስብ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። እንግዲህ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በፋብሪካ ክር ሲበጠስ የማደርገውን አደረግሁ፣ ከመጨረሻው ተነስቼ ወደ ኋላ ተከተልኩት። የካርቡራተሩን ቱቦ ፈታሁ፣ ደረቅ ነው። ፖምፓውን ፈታሁ፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ታንኩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ደግሞ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል።

ጎፋ ሄጄ ደስታን ፈለግሁት። ከአንተ ጋር ጋራዥ ውስጥ የነበረው የወላይታው ልጅ፣ ጴንጤው። አሁን ሽበት አውጥቷል፣ የራሱ ጋራዥ አለው። ስለ አንተ ሲያነሳ አሁንም ዓይኑ ይሞላል። ፖምፓውን ገልብጦ አየውና እህቴ፣ ይኼ ላስቲክ ዛሬ ገበያ ላይ የለም፣ ግን ቆርጠን እንሠራዋለን አለኝ። ሠራነውም። አሮጌውን ቤንዚን ቀዳሁ፣ ታንኩን አጠብን፣ ካርቡራተሩን ጠረጴዛ ላይ በትኜ ቀዳዳዎቹን በላባ እየጠረግሁ፣ አንዷ ብሎን ከጠፋች አንተ ምን እንደምትለኝ እያሰብኩ በአንድ ሳህን ሰበሰብኳቸው። በሦስተኛው እሑድ ቁልፏን ሳዞር አንዴ አሳላት፣ ሁለተኛ አሳላትና ተነሳች። ግርምሽ፣ እንዴት እንዳለቀስኩ! እትዬ ብርቄ ከአጥር ወዲያ እልልታዋን አቀለጠችው። እናትህ ግን እልል አላሉም። ወጥተው እጃቸውን ኮፈኗ ላይ ዘርግተው እስክትሞቅ ድረስ ቆሙ። ጮክ ብለው አልጸለዩም፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ያን ጊዜ አለቀልኝ ብዬ ነበር። የት አለቀ!

ጥቅምት ላይ የአቦ ንግሥ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ወደ ጎፋ ስወጣ ዳገቱ መሐል ላይ ተንገራገጨችና ቀጥ አለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋብኝ፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ እናቴ፣ በሬ ይሻልሽ ነበር አለኝ። የሚገባውን መልስ ሰጠሁት፣ እዚህ አልጽፈውም። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። በቱቦው መሐል ያለችውን የመስታወት ፊልትሮ ፈትቼ ወደ ፀሐይ ሳነሳት ከሥር የተኛ ጥርት ያለ ነገር አየሁ። ከላይ ቤንዚኑ፣ ከታች ሌላ። ጣቴን ነከርኩ፣ አያቃጥልም፣ አይሸትም። ውሃ ነው።

ውሃ! ታንኩን በእጄ አጥቤ በእጄ አድርቄዋለሁ። እንግዲህ ከማደያው ካልሆነ ከየት ይመጣል አልኩና ቀጥ ብዬ ሄድኩባቸው። ምላሴን ታውቀዋለህ። ያን ምስኪን ቀጂ ሰው ፊት አዋረድኩት። እሱ ነጭ ጠርሙስ አምጥቶ ከማሽኑ ቀድቶ ፊቴ አቆመው። ቆየን፣ አየን፣ ጠብታ ውሃ የለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም ሳቀና፣ የጋሽ ግርማ መኪና አይደለችም እንዴ፣ የምትቀዳበትን አፏን ፍለጋ ስንቴ ዞሬያታለሁ አለኝ። እውነቱን ነው። ታንኳ የሚከፈተው ከኋላ ታርጋዋ ሥር ነው፤ ታርጋውን ወደ ታች ካላጠፍከው ክዳኑን አታገኘውም። አዲስ ቀጂ መጥቶ ግራ ሲጋባ አንተ መስኮት ከፍተህ ስትስቅበት አሁንም ይታየኛል።

ውሃውን አወጣሁ፣ ደህና ሆነች፣ ወር ያህል ሄደች። ኅዳር ላይ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ደግማ ቆመች። ደግሞ ውሃ። ደስታ የክዳኑ ጎሚኒ፣ ያ ዙሪያውን የሚይዘው ላስቲክ፣ አርጅቶ ይሆናል፣ ስታጥቢያት ይገባል አለ። ጎሚኒውን ቀየርን፣ ማጠብም ተውኩ። የኅዳር ብርድ ነው፣ ጎዶሎ ታንክ ሌሊት ያልበዋል አለ። ሞልቼ ማሳደር ጀመርኩ። ታንኩን አውርዶ እያንኳኳ ቀዳዳ ፈለገ፣ የለም። ታኅሣሥ ላይ በሰባተኛው ቀን ደግማ ቆመች፣ ያውም ጋሼ ተፈራ ቤት ፊት ለፊት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ጋሼ ተፈራ ወጥተው ኮታቸውን አውልቀው ከኋላ ገፉልኝ። ያ ግፊታቸው ከስድብ ይብሳል። ሠርጉ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው የቀረው።

ያን ቀን ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። የቆመችበትን ቀን ሁሉ እጽፍ ነበር፣ ፋብሪካ ያስለመደኝ ነው። ሳየው ሁሌም ወር በገባ በሰባት በስምንት ነው። ወር በገባ በአምስት ምን አለ? አቦ። በአቦ ቀን ምን አለ? ጋሼ ተፈራ በየወሩ ለአቦ እናታቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ ምሳ በልተው፣ ግቢውን ዞር ዞር ብለው ይሄዳሉ። የታርጋውን ነገር ደግሞ ከቤተሰብ በቀር ማን ያውቃል?

ደሜ ፈላ። ግርምሽ፣ ስለ ወንድምህ ያሰብኩትን ብትሰማ ታፍርብኛለህ። ለዚያ ቦርጫም ብለው የወንድማቸውን መኪና በውሃ ይመርዛሉ አልኩ። ለሽማግሌዎቹ ልናገር ሁለት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመለስኩ። የመለሰኝ ጨዋነት እንዳይመስልህ። እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ፈልጌ ነው።

ጥር አምስት ከአለቃዬ አስፈቅጄ ከሥራ ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ ተፈራ መጡ፣ ከእናታቸው ጋር ምሳ በሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ወደ ግቢ ወጡ፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ዳማን ከሩቅ አዩዋት፣ በረጅሙ ተነፈሱ፣ ሄዱ። ታርጋዋን ዞረው እንኳ አላዩም። አሁን ምን ይባላል ብዬ ከጓዳ ስወጣ የእናትህ ክፍል ባዶ ነው። ወደ ጓሮ ዞርኩ። እናትህ ከዳማ ኋላ ተንበርክከዋል። በዚያ ጉልበታቸው! ታርጋውን አጥፈውታል። አንተ ትቀዳበት የነበረውን ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ተክለው ከቢጫ ጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ያጠጧታል። አቡነ ዘበሰማያት እያሉ።

እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት እማዬ ብዬ ጮኼ ይሆናል። አልደነገጡም። ነይ ልጄ አሉኝ፣ ጨርሻለሁ አሉኝ። ከዚያ እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። አንተ ከመሞትህ በፊት የአቦን ጠበል ፈልገህ ነበር። እሳቸው ማልደው ሄደው ቀድተው ሲመለሱ በር ላይ የተቀበላቸው ለቅሶ ነው። ረፈደብኝ ልጄ አሉ። ጠበሉ በጀሪካን ቀረ። ለእሱ የመጣ ነው፣ መሬት ላይ አይደፋ፣ እግር ይረግጠዋል፤ እኔ አልጠጣው፣ የእኔ አይደለም። አልጋቸው ሥር አስቀመጡት። መስከረም ላይ አንቺ ስታስነሻት ድምፁን ሰማሁ አሉ፣ ልጄ እዚህ አለ አልኩ፣ ሲያጠጣት ያየሁት በዚህ በኩል ነው፣ ታዲያ በዚህ ልስጠው አልኩ አሉ። ያ ሲያልቅ በየወሩ ለአቦ አዲስ እየቀዱ ያመጣሉ። አንድ ጣሳ ሙሉ። ለእናንተ ዘይቱ፣ ለእኔ ጠበሉ ነው አሉኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝን አልደብቅህም፣ ንዴት ነው። ሦስት ወር! የተቆራረጠ ጣቴ፣ የለመንኩት ሰው፣ የተሰደብኩት ስድብ! ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። ደስ ብሏቸው ነበር፣ ግርምሽ። ከሞትክ ጀምሮ እንዲያ ሆነው አላየኋቸውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተቃቅፈን አለቀስን። ውሃ ሞተር እንደሚያፍን ለመንገር ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ፤ ሲገባቸው ደግሞ ደረታቸውን መቱ፣ ልጄን ሁለተኛ ገደልኩት አሉ። ኧረ እማዬ፣ ታጥባ ትድናለች፣ ከእንግዲህ ጠበሏን ከላይ ትረጫለች እንጂ አትጠጣም አልኳቸው። እንዲያ ብዬ በግድ አሳቅኋቸው።

ደስታ መጣና ታንኩን አወረድን። ነገሩን ስነግረው ጴንጤ ነውና ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀም። ቤንዚኑን ከላይ ቀስ ብሎ ለየና ከሥር የቀረውን ውሃ ይዞ ቆመ። ይኼ የት ይደፋል፣ እሳቸው እግር በማይረግጠው ነው የሚሉት አይደል አለኝ። አጥር ጥግ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። የዚህ ሰው ነገር እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል።

ለጋሼ ተፈራ ምን ልበል? ውሃው ከየት እንደሚመጣ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ጥፋት ነው፣ ክዳኑን በደንብ ሳልገጥም ነው የከረምኩት አልኳቸው። እናታቸውን አልሰጥም። ፈገግ አሉ፣ ያችኑ በሽማግሌዎቹ ፊት ያሳዩኝን ፈገግታ። ዋጥኳት።

ሠርጉ ጥምቀት ባለፈ እሑድ ነበር። ዳማን በአበባ አስጌጥናት። ሴት የሙሽራ መኪና ትነዳለች ብሎ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጣ፣ አንዲቱ አሮጊት አማተቡብኝ። ሰናይትና ሙሽራው ከኋላዬ ተቀመጡ። ጋሼ ተፈራ ከቦርጫሙ ሰውዬ ጋር በሌላ መኪና ተከተሉን። ወደ ብስራተ ገብርኤል የሚወጣውን ዳገት ስንጀምር፣ ግርምሽ፣ ተንገራገጨች። ከቱቦ ጥግ የቀረች ጠብታ ናት። ሰናይት እንዴ፣ እማዬ ዘውዴ አለች። በመስታወቱ ከኋላ የጋሼ ተፈራ መኪና ስትቀርብ አየሁ። ግን የጠፋ ሞተር አይደለም፣ የታነቀ ነው፤ ምን እንዳጣች አውቃለሁ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ቤንዚኑን ደጋግሜ ሰጠኋት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዋጪው አልኳት፣ የእናቱ ነው፣ ዋጪው! አሳላት፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ስምንቱም አንድ ላይ ጮኹ። ሳትቆም ወጣች። ስንመለስም እንደ ቅቤ ወረደች።

አለቀ ትላለህ፣ አይደል? ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ጋሼ ተፈራ ሽማግሌዎቹን ይዘው ጠሩኝ። ሄዳለች፣ አይካድም አሉ። ግን ክዳን መግጠም ረስታ ሦስት ወር ውሃ ስታስገባ የከረመች ሴት ነገ ዳገት ላይ ራሷን ትገድላለች፣ የወንድሜን ሚስት በወንድሜ መኪና ልቀብር ነው ወይ፣ ብትሸጥ ይሻላል አሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ብናገር እናትህ ይጋለጣሉ፣ ዝም ብል ዳማ ትሄዳለች። ዝም አልኩ። ዳማን ተሰናበትኳት፣ ግርምሽ። እዚያው ወንበር ላይ።

እናትህ የበኩር ልጃቸውን ቃል ተቃውመው እንደማያውቁ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ከሴቶቹ መሐል በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ አሉ። እሷ ለእኔ ብላ ነው የዋሸችህ። የወንድምህ ጠበል ነው፤ መኪናዋ ብትታነቅም ሦስት ጊዜ ያዳነቻት ይቺ ናት፤ ልጄን ሁለት ጊዜ አትቅበርብኝ ተፈራ አሉ። ጋሼ ተፈራ ከደረት ኪሳቸው ሊብሬውን አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡና የእናታቸውን ጉልበት ሳሙ። ለቦርጫሙ ሰውዬ ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ቀና ስል አልነበረም።

አሁን ጥፋቱን ለምን በራሴ እንደወሰድኩ ልንገርህ። ደግ ሆኜ አይደለም። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልህም።

ጠበሉን የፈለግህ ያን ጠዋት አልነበረም። ከዋዜማው ነበር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ያ የሐምሌ ዝናብ እንደ ጉድ ሲወርድ። እናትህ ወዲያው ነጠላቸውን ተከናንበው ወጥተው ነበር። በር ላይ ክንዳቸውን ይዤ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። በዚህ ዶፍ የት ይሄዳሉ፣ ነገ ማልደው ይሄዳሉ፣ ጠበሉ የት ይሸሻል አልኳቸው። ነገ አልደረሰልህም። ያን ቀን ዳማ ኋላ አቧራ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሲነግሩኝ ይህቺን ብቻ ዘለሏት። አስቀረሽኝ አላሉም። ረፈደብኝ ነው ያሉት። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ረፈደብኝ ሲሉ ኖረዋል፣ አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አልወቀሱኝም።

እኔም ሰበቤን እየደረደርኩ ኖርኩ፤ ዝናብ ነበር፣ አሮጊት ናቸው፣ ጠበል ጉበት አያድንም እያልኩ። ከእንግዲህ አልልም። የለመንከው መዳን አልነበረም፣ አንድ ጣሳ ውሃ ከእናትህ እጅ ነው። እሷን የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ዓለሜ።

ሳስታውስህ የምኖረው በደጉ እሑድ ብቻ እንዳይሆን ቃል እገባልሃለሁ። የዝናቡንም ቀን አልረሳም፣ ለማንም ብዬ አላሳምረውም። በትራቸው ሲያንኳኳ ይሰማኛል፣ እናትህ ነቅተዋል። አሁን እስክሪብቶውን አስቀምጬ እገባለሁ፤ እማዬ፣ ያስረፈድኩዎት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።

ያንተው
ዘውድነሽ